የስመ ጥሮቹ ግድግዳ

ጥቅምት 6

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔና አክስትሽ፣ ከእሷ ዓይንና ከእኔ ጆሮ በቀር፣ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የእሷን ግራ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሐኪሙ ትንሽ ይጠበቅ ብሏል። የእኔን ጆሮ መጋዙ በልቶታል። ስለዚህ ስልክ አትደውዪ፤ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ጎረቤት ይሰማል፣ እኛ አንሰማም። ደብዳቤ ይሻለናል። አክስትሽ ፊደል ባትቆጥርም ደብዳቤሽ ሲመጣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ዛሬ የያዝኩልሽ ወሬ ተራ ወሬ አይምሰልሽ። የተማርሽበት የሕግ ትምህርት ቤት የተመሠረተበትን ዓመት ሊያከብር ነው። በዋናው ሕንጻ፣ ደረጃውን እንደወጣሽ ባለው ረጅም ኮሪደር ላይ፣ ከዚያ የወጡ ስመ ጥር ምሩቃን ፎቶ ሊሰቀል ነው። ትልቁ ዳኛ፣ ሚኒስትር የነበረው፣ ሕግ ሲረቀቅ ብዕር የያዘው፣ ለደሃ ስትከራከር የኖረችው፣ ሁሉም። ታዲያ ፍሬሙን ማን ይሥራው? አጎትሽ! ተወዳድሬ አሸነፍኩ። ወርክሾፔ ውስጥ መቆሚያ የለም፤ ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው እየተሻገርኩ ነው የምሠራው።

ዲኑ ማን መሰለሽ? ረጅሙ። ያ የቤታችንን በር ጎንበስ ብሎ መግባት እየረሳ ግንባሩን የሚመታው፣ ሳሎናችን ቁጭ ብሎ ያንቺን ማስታወሻ የሚቀዳው፣ የአክስትሽን ምሳ ጠርጎ የሚበላው ረጅሙ። አሁን ሱፍ ለብሶ ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። እንዳየኝ "ጋሼ!" ብሎ ተነሣ። ስላንቺ ጠየቀኝ። "ጠበቃ ቢሮ ነው የምትሠራው" አልኩት። "ጎበዝ ነበረች እኮ" አለኝና ወደ ፍሬሙ ልክ ገባ። ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ሥራ ልቀበል ሄጄ ሰው አልቆጣም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጥሩ ፎቶ ላኪልኝ፤ በጥቁር ኮት፣ ከደረት በላይ፣ ቀና ብለሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች ፊት ፍሬም ውስጥ ሳስገባ ውዬ የራሴን ልጅ ፊት ሳሎኔ ውስጥ አላገኘውም።

አጎትሽ፣ ፍሬም ሠሪው


ኅዳር 11

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ እርስዎም እትዬም በደህና መኖራችሁን በማየቴ ተመስገን ብያለሁ። የእትዬን ዓይን ሐኪሙ ይምጡ ባለ ቀን ሥራ አለብኝ ብለው እንዳያስቀሩብኝ።

ረጅሙ ዲን ሆነ? ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። የውል ሕግ ፈተና ሊገባ እግሩን አንሥቶ "ለመሆኑ ውል ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እኮ ነው! ልቡ ግን ደግ ነበር። ይገባዋል።

ጋሼ፣ ለእሱ የነገሩትን ግን ላስተካክል። ጠበቃ ቢሮ እሠራለሁ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ እርስዎም ያውቁታል። መዝገብ አወጣለሁ፣ ኮፒ አነሣለሁ፣ ፋይል ተሸክሜ ከጠበቆቹ ኋላ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እነሱ ገብተው ሲናገሩ እኔ ኮሪደር ላይ ቦርሳና ካፖርት እጠብቃለሁ። አንዳንዴ በሩ ገርበብ ብሎ ክርክሩን እሰማና "እንዲህ ቢል ኖሮ" እያልኩ በልቤ እከራከራለሁ። ከአገር ቤት ያመጣሁት ዲግሪ እዚህ ሰው አገር ብቻውን በር አይከፍትም።

አሁን ግን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። የጠበቆችን ፈተና አለፍኩ። ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልጻፍኩልዎት። ለፈቃዱ የቀረኝ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባለው ነው። እነሱ እውቀት አይፈትኑም። የሚያጣሩት ሰውየው የሚታመን መሆኑን ነው። ማመልከቻውን እያዘጋጀሁ ነው፤ ጸልዩልኝ።

ፎቶውን የሥራ ባልደረባዬ ስብሰባ ክፍል ውስጥ አነሣችኝ። ኮቱም የእሷ ነው። ትከሻው ሰፍቶኛል፣ አይሳቁብኝ።

ልጅዎ


ጥር 4

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣

የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ። እኛ በጣም ደህና ነን። በጣም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈተናውን ማለፍሽን ለአክስትሽ ሳነብላት "እስቲ ድገመው፣ እስቲ ድገመው" እያለች ጉሮሮዬን አደረቀችው። መውደቁን ደግሞ "ይሄን ዝለለው" አለችኝ።

በዓሉ ተከበረ። ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። የተከበሩት ሁሉ መጥተዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ፎቶ ፈልጎ ያገኝና፣ የጎረቤቱን የሚያይ መስሎ የራሱን ያያል። ትልቁ ዳኛ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አደረገ። ሚኒስትር የነበረው "አንገቴን አወፍረውታል" ብሎ ፎቶ አንሺውን አማ። ፍሬሙን ግን በጣቱ ዳበስ አድርጎ "ጥሩ እጅ ነው" አለ። ማን እንደሠራው አልጠየቀም፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ።

አሁን ቁጭ በይ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከረጅሙ በስተቀኝ፣ ያንቺ ፎቶ ተሰቅሏል። ጥቁሩ ኮት፣ ሰፊው ትከሻ፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ ስምሽና "የሕግ ባለሙያ" የሚል ተጽፏል። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊቱ ቆመው አየሁ። አንደኛዋ "ይቺ ደግሞ ምን ሠርታ ነው?" አለች። ሌላዋ "ውጭ ያለች ናት፤ ትልቅ ሰው መሆን አለባት" አለቻት። እኔ አምፖል የምመረምር መስዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ደስታው ቆዳዬን አጠበበብኝ።

አክስትሽንም ክንዷን ይዤ አስጠግቼ አሳየኋት። በደህናው ዓይኗ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ አየችሽና "ከስታለች" አለች።

አጎትሽ፣ ፍሬም ሠሪው


ጥር 29

ለማከብርዎት ጋሼ፣

ጤናዎን፣ የእትዬንም ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ መውረጃዬን አለፍኩት።

ማን መረጠኝ? ምን አደረገች ብለው? ጋሼ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት አገር የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። አብረውኝ የተማሩት ሲያዩኝ ምን ይላሉ? በትምህርት ቀድማን ነበር፣ አሁን የሰው ካፖርት ትጠብቃለች የሚል አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ፊቴን የት ልክተተው? ስህተት መሆን አለበት። ደግሞስ ፎቶውን ማን ሰጣቸው? ለሳሎን ነው ብለውኝ አልነበር?

እባክዎ ረጅሙን ይጠይቁልኝ። ስህተት ከሆነ ብዙ ሰው ሳያየው በዝምታ ይውረድ። ስህተት ካልሆነ ደግሞ... ካልሆነም ይጻፉልኝ።

አልዋሽዎትም። ትናንት የአንዱን ጠበቃ ቦርሳ ይዤ ኮሪደር ላይ ስቆም እንደ ወትሮዬ ግድግዳ ተደግፌ አልነበረም። ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት። ከዚያ ደግሞ በዚህ መደሰቴ አሳፈረኝ።

ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 26

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣

በሰላምና በጤና ያቆይሽ። መልስ መዘግየቴን አውቃለሁ፤ አትቀየሚኝ። አንድ ሳምንት ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ሙጫው ከገበያ ጠፋ። ከዚያ የአክስትሽ ዓይን ተራ ደረሰና ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከረምን። ሞራው ተነሥቶላታል። አሁን ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ አልጋ ላይ ሆና ታዘኛለች፤ ሻዩ ቀጠነ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ሬዲዮው ይከፈት። አንድ ዓይኗ ሲሸፈን አለቃነቷ ባሰ።

አየሩም ተለዋውጧል። ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ ድመት ወልዳለች። የፊት ለፊቱ ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ቀለም ቀብቶ ሰውን ሁሉ በሩ ላይ እያቆመ "እንዴት ነው?" ይላል።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፤ አትቆፍሪ። ዋጋሽን የሚያውቅ ሰው መርጦሻል። እዚያው ነሽ፣ ማንም አላወረደሽም። ሌላውን ለእኔ ተዪልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 18

ለማከብርዎት ጋሼ፣

የእትዬ ዓይን ብርሃን ይመለስልን፤ የእርስዎም ጉልበት ይጠንክርልኝ። ሬዲዮዋን ስታዝዝ በዓይኔ ታየችኝ፤ ሳቅሁ።

ማመልከቻውን አስገባሁ! ዝርዝሩ አያልቅም። የት ኖርሽ፣ የት ሠራሽ፣ ተከሰሽ ታውቂያለሽ፣ ሁሉንም ይጠይቃል። መጨረሻ አካባቢ "ያገኙት ክብር ወይም እውቅና ካለ ይጥቀሱ" የሚል አለ። ባዶውን ልተወው ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ በትከሻዬ በኩል አየና "ምንም የለሽም?" አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ አነጋገሩ ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ዓይነት ነበር። "አለኝ" አልኩት። ጻፍኩት፤ የተማርኩበት የሕግ ትምህርት ቤት ከስመ ጥር ምሩቃኑ አንዷ አድርጎ ፎቶዬን ሰቅሏል ብዬ።

አለቃዬ አንብቦ እጄን ጨበጠኝ። እዚህ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ እጄን ጨብጦኝ አያውቅም። "ለምን አልነገርሽንም?" አለኝ። ፈገግ አልኩ።

ኮሚቴው በክረምቱ መግቢያ ላይ ይወስናል።

ልጅዎ


ግንቦት 9

ልጄ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልሻለሁ፤ ዛሬ አፌን ሞልቼ ሰላም ማለት አፈርኩ። ያንን መስመር አስወጪው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምሪ ሄደሽ አስወጪው።

ማንም አልመረጠሽም። እኔ ነኝ የሰቀልኩሽ።

ፎቶሽ ሲመጣ እውነትም ለሳሎን ነበር። ግን የእነሱን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ ደርድሬ ስሠራ ነገሩ ሆዴ ገባ። ግማሾቹ እኔ ቤት በልተዋል። አንዱ የወንጀል ሕግን ያጠናው ባንቺ ደብተር ነው፤ ሲመልሰው ሽፋኑ ላይ ሻይ አፍስሶበት ነበር፣ አክስትሽ ጠርጋዋለች። የሁሉንም ፊት በመስታወት ሸፈንኩ፤ ያንቺ የለም። ከተረፈው እንጨት አንድ ጨመርኩና ያንቺን ሠራሁ። ከሁሉም አስበልጬ ነው የሠራሁት፤ ማዕዘኑ ላይ ጥፍር አይገባም።

የአንዱ ሰው ፎቶ ሳይመጣ ቀረና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ክፍት ቦታ ተገኘ። የዲኑ ጸሐፊ አየችና "ይሄ እንደ ወለቀ ጥርስ ሆነ፣ እንግዶች ሳይመጡ አስተካክሉት" አለችኝ። አስተካከልኩት። ስምሽን አስጻፍኩ። ጠበቃ አላልኩም፣ "የሕግ ባለሙያ" ነው ያልኩት። ይሄ ውሸት ነው ወይ?

አንድ ሰው ያይና ያወርደዋል ብዬ ነበር። ግን እዚያ የመጣው ሁሉ የሚፈልገው የራሱን ፊት ነው። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ፣ ይግረምሽ፣ እኔም እነሱ የመረጡሽ እየመሰለኝ መጣ። ስትጠይቂኝ ደግሞ እውነቱን ልጽፍ ቁጭ ብዬ ስለ ድመት ጻፍኩልሽ።

አስወጪው ልጄ። የልፋትሽን ውጤት እንዳላበላሽብሽ።

አጎትሽ


ሰኔ 1

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የኮሚቴው ግን ቀድሞ ደረሰኝ።

እነሱ የተጻፈላቸውን ሁሉ ያጣራሉ። ለትምህርት ቤቱ ጽፈው ጠይቀዋል። ትምህርት ቤቱም የተባለችው ምሩቅ ከተመረጡት ውስጥ የለችም፣ ፎቶዋ ግን ግድግዳችን ላይ ተገኝቷል፣ እንዴት እንደተሰቀለ እየተጣራ ነው ብሎ መልሷል። ሐምሌ ውስጥ ቀርቤ እንዳስረዳ ተጠርቻለሁ።

ምን ብዬ ላስረዳ? ፎቶውን ማን ላከው? እኔ። የተጠቀመበትስ? እኔ። አጎቴ እኔ ሳላውቅ ነው ያደረገው ብል ማን ያምነኛል? እዚህ ፈተና የወደቀ ሰው ተመልሶ ይፈተናል። ዋሸ የተባለ ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል። አለቃዬ አሁን ሲያልፍ ስልኩን ያያል እንጂ እኔን አያየኝም። ያ የጨበጠኝ እጁ ሳይቆጨው አይቀርም።

ለዲኑ ሄደው ይንገሩት። እኔ እንደማላውቅ በጽሑፍ ይስጡና በማኅተም ይላክልኝ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎት የለም።

አሳፈሩኝ ጋሼ። እንዲህ ብዬ እጽፍልዎታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጅዎ


ሰኔ 24

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከዚህ ጉድ ያውጣሽ። ያልሽኝን ፈጽሜያለሁ።

ሱፌን ለበስኩና ሄድኩ። ጸሐፊዋ ዲኑ ስብሰባ ላይ ነው ብላ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ፎቶሽ ፊት ለፊት። ቀና ብል አንቺ ነሽ፣ ባቀረቅር ጫማዬ ነው። ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

ረጅሙ አስገባኝና በሩን ራሱ ዘጋው። ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"እኔም አይቼው ነበር" አለኝ። "ሌላ ሰው የጨመራት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አለፍኩ። ግን ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

"ብጠይቅህ ትሰቅላት ነበር?"

"መስፈርት አለው እኮ..."

"መስፈርቱን ተወው። ትሰቅላት ነበር?"

ግንባሩን ሲያሸው ያ የቤታችን በር ትዝ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ የእኔን ቃል ራሱ ጻፈልኝ። ሲያነብልኝ "በስህተትና ባለማወቅ ሰቅዬዋለሁ" የሚል አለበት።

"ይሄን አልፈርምም" አልኩት።

"ለእሷ የሚሻላት ይሄ ነው ጋሼ። አላዋቂ ሰው ነው ከተባለ ነገሩ እዚህ ያበቃል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ልክ ይዤ፣ ለክቼ፣ ግራና ቀኙን አይቼ ነው የሰቀልኩት። ባለማወቅ ተሰቅሎ ቀጥ የሚል ፎቶ አይተህ ታውቃለህ? አጥፍቻለሁ፤ አጥፍቷል ብለህ ጻፍ። ሌባ ብትለኝም እችለዋለሁ። አላዋቂ ብለህ ግን አታስፈርመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በማወቅ ነው።"

ብዙ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። በመጨረሻ እንዳልኩት ጻፈው፤ አውቄ ነው የሰቀልኩት፣ የሚገባት ስለመሰለኝ ነው፣ እሷ አታውቅም። ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረገበት፣ ዛሬ ተልኮልሻል።

ፎቶውን እኔው ላውርደው አልኩ። መሰላል አመጡልኝ። ተማሪዎች ከክፍል የሚወጡበት ሰዓት ሆነ። አንዱ ቆመና "ይቺ ደግሞ ምን አድርጋ ነው የምትወርደው?" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። "እሷ ምንም አላደረገችም" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዞሬ ምስማሩን መንቀል ያዝኩ። መሬት ብትከፈት ከነመሰላሉ እገባ ነበር።

በጋዜጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤሽ ወጣሁ። ለአክስትሽ ገና አልነገርኳትም።

አጎትሽ


ሐምሌ 21

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፈቃዱን አገኘሁ።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ እጅዎ ላይ አንድ ጥሩ ነገር እንዲኖር ነው። የሆነውን ሳልነግርዎት መቅረት እችል ነበር። ግን ከእርስዎ ደብቄ ይህን ፈቃድ ቢሮ ግድግዳ ላይ መስቀል አልችልም።

ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ሸበት ያለች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ሴት ናት። የእርስዎን ቃል አስተርጉመው ይዘውታል። "አውቄ ነው የሰቀልኩት" የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። "ችግራችን ይህ ነው" አለችኝ። "ይህ ሰው የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው። ፎቶውን ከእርስዎ ተቀበለ፣ ሰቀለ፣ እርስዎም ተጠቀሙበት። ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው ያደረጉት ነው ብንልስ?"

አላወቅሁም አልኳት። ጋሼ፣ ይህም ሙሉ እውነት አልነበረም። "አትቆፍሪ" ያሉኝ ቀን አንድ ነገር ሸቶኝ ነበር። ያልቆፈርኩት የማገኘውን ስለፈራሁ ነው። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም።

ሴትየዋ ወረቀቷን አስቀመጠች። ወንበር እንደሚያቀርብልኝ ሰው ነው ያየችኝ፣ አዝና። "አጎትዎ በዕድሜ የገፉ ናቸው አይደል?" አለችኝ። "ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የማይገባቸው ሰው ይሆኑ?"

የማመልጥበት በር የት እንደሆነ አሳየችኝ። እኔም ገባሁበት።

አዎ ብቻ ብዬ ባቆም ደግ ነበር። ግን ተነሥቼ ቆምኩ። አርጅተዋል አልኩ። አልተማሩም፣ የትምህርት ቤት ክብርና የሳሎን ፎቶ ልዩነቱ አይገባቸውም፣ የሚፈርሙትን ቃል ክብደት አያውቁም፣ የሚያደርጉትንም አያውቁም አልኩ። አማርጬ ተናገርኩ ጋሼ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስንት ዓመት ኮሪደር ላይ ቆሜ በልቤ ስከራከር የኖርኩ ሰው፣ የመጀመሪያ ክርክሬ ይህ ሆነ። አሸነፍኩ። ከሦስቱ አንዱ ሲወጣ "ጥሩ ተናጋሪ ነሽ" አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። መስታወት ሳላይ ነው የታጠብኩት።

ይቅርታ ልጠይቅዎት ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ቃሉ አነሰብኝ። የሚያደርጉትን እንደሚያውቁ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጅዎ


ነሐሴ 22

ለእህቴ ልጅ፣ ለጠበቃዋ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። የያዝሽው ወረቀት እንጀራ ይሁንሽ፤ ለተገፋ የምትቆሚበት ይሁን።

የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ከፋኝ፤ አልከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም። ሁለት ቀን ወርክሾፕ ገብቼ ምንም ሳልሠራ ወጣሁ። እንጨት አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ "አሞዎታል?" ሲለኝ አዎ አልኩት። በሦስተኛው ቀን፣ ዲኑ ባለማወቅ ብሎ የጻፈውን ያን ጊዜ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ አንቺ እሱን ለማለት ባልተገደድሽ ነበር ብዬ አሰብኩ። ኩራቴን እኔ ይዤ ሄድኩ፣ ዋጋውን አንቺ ከፈልሽ። እና ደግ አድርገሻል። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው መልሼ የጻፍኳት።

ደብዳቤሽ የመጣ ቀን አክስትሽ ዓይኗ ድኖላት ደጅ ተቀምጣ ነበር። ፖስታውን በቀለሙ ለየችው። "አንብብልኝ" አለች። ጎረቤቶቹም የልጅቷ ወሬ ነው ብለው ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ፈቃዱን አገኘሁ የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ተቃቀፉ፣ አጨበጨቡ፣ አንዷ አለቀሰች። ስለ ሴትየዋ አነበብኩ፤ ሽበቷን፣ ድምፅዋን። ተነሥቼ ቆምኩ ያልሽውን አነበብኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነሽ ያለሽንም አነበብኩ። አክስትሽ ደረቷን ነፍታ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ከዚያ ወረቀቱን ሳጥፍ ዞር አለችብኝ።

"ስለ አንተስ ምን አለች?" አለችኝ።

"ሰላም ብላኛለች" አልኳት።

አጎትሽ